በእርጥብ ሳር የጸደቀ ደንብ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለክንፉ፣ ጁባ።

ጋሽዬ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የጁባ ሙቀት አላቀለጠህም ወይ? ባለፈው ወባዋ ተመልሳ መጣችብኝ ብለኸኝ ነበር፤ አሁንስ ለቀቀችህ? መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ዋጠው። ትንሽ ሲሻልህ እንደምትወረውረው አውቃለሁ፤ ልጅ ሳለህ ክኒኑን ምላስህ ሥር ደብቀህ ሙዙ ሥር ስትተፋው ያየሁህ እኔ ነኝ። ሥራስ እንዴት ነው? የምትገነቡት ፎቅ ጣሪያው ደረሰ? አብረውህ ያሉት የአገራችን ልጆችስ ሁሉም ደህና ናቸው? ድምፅህን መስማቱ ባልከፋ፤ መልክህን የማይበትን ቀን ደግሞ ጌታ ያቅርብልኝ።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ውለን እናድራለን። እማዬን ክረምቱ ጉልበቷን ይዟት ነበር፤ አሁን ፀሐይ ሲወጣ ተነስታ ከደጅ ትቀመጣለች። ባለቤቴ ሸዋንዳኝም ያው ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ብሎ ጫማውን ያሠፋል። ከጎጃም መጥቶ ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖሮ፣ ዛሬም ሃላኮ ስቀቅል «ይቺን ቅጠል ለበግ ብትሰጫት ምን አለበት?» ይለኛል፤ ሲቀርብለት ግን ሳህኑን ጠርጎ ነው የሚነሳው። ልጄ እሌኒ ዘጠነኛ ክፍል ገብታልሃለች። ቁመቷ እኔን አልፏል፣ ምላሷም እንደዚያው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጎረቤታችን ልጅ ተክለሃይማኖት ነው። ዕረፍቱን ጨርሶ ወደዚያው ስለሚመለስ በእጁ ላክሁልህ። በስልክ ልነግርህ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል። ባለፈው ስትደውል «ፈቃደን በርታ በሉልኝ፣ ለእማዬ መሬት እየታገለልን ነው አሉ» አልከኝ። ዝም አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎህ ሃሎ ሃሎ ትል ነበር። መስመሩ አልተቋረጠም ጋሽዬ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ ነበር። ፈቃደ እየታገለ ነው ብላ የነገረችህ እሷ ናት፤ የነገረችህ ግን እውነት አይደለም። እናቴን ውሸታም ማለቴ እንዳይመስልህ፤ የልጇን ገመና ሸፈነች፣ እናት ናትና። እኔ ግን ልሸፍንለት አልቻልኩም። አባዬ የተከላቸውን ማንጎዎች፣ እማዬ የምትኖርበትን የሙዝ ማሳ አሳልፎ የሰጠው ፈቃደ ነው። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ታናሽ ወንድማችን ነው የከዳን።

አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነ ነገር ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገርህ። እኔና ፈቃደ የዶይሳ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነን ስንመረጥ ምክር ቤት ማለት መመካከሪያ መስሎኝ ነበር። የዋህ ነኝ አይደል? ስንገባ በር ላይ ወረቀት ይሰጡናል። ገና ወንበር ስንስብ «ይህ ረቂቅ ደንብ አስቸኳይ ስለሆነ በዛሬው ዕለት ይጽደቅልን» ይባላል። እጅ ይወጣል። ሁለተኛውን ገጽ ሳንገልጥ ሕግ ሆኖ እናገኘዋለን። ሁሉም ነገር አስቸኳይ ነበር። አንድ ቀን የአዳራሹ መጋረጃ ሳይቀር በአስቸኳይ ጸድቋል፤ ብርሃን ያሳደደን ይመስል።

ስቀን እንዳንተወው ግን የጋሪው ነገር መጣ። አንድ ጠዋት ጋሪ በአስፋልት እንዳይሄድ የሚል ደንብ እንደልማዱ በአስቸኳይ ጸደቀ። ማለዳ ሙዝ ጭነው ወደ ሲቀላ ገበያ የወረዱት ጋሪ ነጂዎች ምን ያውቃሉ? ሲሄዱ ያልነበረ ሕግ ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠበቃቸው። ፈረሶቻቸው ሳይቀሩ ተያዙ። ያን ዕለት ፈቃደ ቤቴ መጥቶ ከልቡ ተናደደ። እንባው ሁሉ ይታይ ነበር። እትዬ፣ ይህ አስቸኳይ የሚሉት በር ካልተዘጋ ነገ በእሱ የማይገባ ነገር የለም አለኝ። የተናገረውን ቃል በቃል ነው የምነግርህ፤ ሸዋንዳኝም ሰምቷል።

ከዚያ ተቀምጠን ደንብ አረቀቅን። እሱ ሕግ አዋቂ ነው፤ አንተ ከአስረኛ ክፍል ወጥተህ ድንጋይ ተሸክመህ ያስተማርከው ሕግ ለዚህ ጠቀመ ብዬ ልቤ ሞላ። ሐሳቡን ያመጣነው ግን ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአባዬ አገር ከደጋው ሸንጎ፣ ከዱቡሻ ነው። አባዬ የሚለን ትዝ ይልሃል? በዱቡሻ የተነሳ ነገር በተነሳበት ቀን አይዘጋም፤ የተቆጣው ተኝቶ ይነሳ፣ የሌለው ይስማ፣ ሁሉም ሚስቱን አማክሮ ይምጣ ይል ነበር። እኛም እንደዚያው ጻፍን። ማንኛውም ረቂቅ በቀረበበት ቀን አይጸድቅም፣ ያድራል፤ ነገሩ የሚነካቸው ሰዎች ይጠየቃሉ፤ በሌላ ቀን ተመልሰን እንወስናለን። በአስቸኳይ የሚታየው ጎርፍ፣ እሳት ወይም ወረርሽኝ ሲነሳ ብቻ ነው፤ ያውም ምክር ቤቱ ተከራክሮ አስቸኳይ መሆኑን ካመነበት።

ፈቃደ ሲያቀርበው ባየኸው! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብሎ ጀመረ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ደንቡ ራሱም አድሮ ነው የጸደቀው። ከዚያ በኋላ ነገራችን ሁሉ ሌላ ሆነ። ገበያው ይዛወር የሚል ረቂቅ ሲመጣ ይዘነው ወደ ሰፈር ሄድን፤ ሴቶቹ አዲሱ ቦታ ውሃ የለውም አሉን፤ ተመልሰን አስተካከልነው። ማንም አልተጎዳም፣ ሰማይም አልተደፋብንም። እኔም ተማሪዎቼን ስለ ምክር ቤት ሳስተምር ድምፄ ከፍ ማለት ጀመረ።

ፈቃደ አፈ ጉባኤ ሆኖ የተመረጠ ዕለት እማዬ ጉልበቷን ረስታ ጨፈረች። እሱም መጥቶ ጉልበቷን ሳመ። ያን ሰሞን አንድ ባለሀብት በቦዩ ዳር ያለውን መሬት ይፈልገዋል የሚል ወሬ ነበርና እማዬ ጠየቀችው። እኔ እያለሁ የአባዬን ማንጎ የሚነካ እጅ የለም ብሎ ማላት። እሷ ከዚያ ወዲያ ስለ መሬቱ መጨነቅ ተወች። እኔም ብሆን አርባ ምንጭ ሴቻ ለጉዳይ ስወጣ የአፈ ጉባኤው እህት ናት ሲሉኝ አንገቴን ቀና አደርግ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያ አንገቴ ያሳፍረኛል።

እንግዲህ ወደ ነሐሴው ልምጣ። አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለ፤ ስብሰባ አለ፣ አሁኑኑ ኑ ተባለ። የጫኖ በኩል አባላት ብዙዎቹ ማሳ ላይ ነበሩ፤ ጭቃቸውን ሳያጥቡ ነው የደረሱት። በር ላይ እንደ ጥንቱ ወረቀት ሰጡን። ርዕሱ «የጎርፍ መከላከልና የወሰን ማስተካከያ ደንብ» ይላል። ቆሜ አነበብኩት። ጎርፍ የሚለው ቃል ከርዕሱ አልወረደም። ውስጡ በቦዩ ዳር ያለው የመስኖ ማሳ በሙሉ ወደ ከተማው መሬት ይገባል፣ ለልማትም ይሰጣል ነው የሚለው። የእማዬ ማሳ መሀሉ ላይ ነው። ፈቃደ ከመድረኩ ሆኖ ጉዳዩ የጎርፍ ስለሆነ በደንባችን መሠረት በአስቸኳይ ይታያል አለ። በደንባችን! በሩን የዘጋው እሱ ነውና ቁልፉም የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነበር።

ተነሳሁ። ጎርፉ የታለ አልኩ። ቦዩ በደህና ነው የሚወርደው፣ ሐሬ ወንዝም ከዳሩ አልወጣም፤ መጀመሪያ አስቸኳይ መሆን አለመሆኑን እንከራከር፣ ደንቡ እንዲህ ይላል ብዬ አነበብኩለት። ከኋላዬ አንዱ ተነሳ፣ ሌላው ተነሳ። የጫኖዎቹ ጭቃ በጭቃ ሆነው ሁሉም ቆሙ። ብዙዎች ነበርን ጋሽዬ፣ ድምፅ ቢሰጥ እናሸንፍ ነበር። ጩኸት ሆነ፤ ግን የምክር ቤት ጩኸት ነው እንጂ ዱላ ያነሳ የለም። ፈቃደ ወጥቶ ተመለሰ።

ያን ጊዜ የኋላው በር ተከፈተና ሃላቃ ኤርጫፎ ገቡ። የአባዬን ቀብር የመሩት፣ አንተ ስትሄድ የመረቁህ ኤርጫፎ። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አብረዋቸው ነበሩ። እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘዋል። መሀል አዳራሹ ድረስ መጡና ሦስቱም ተንበረከኩ። ሳሩን ከፍ አድርገው፣ ልጆቻችን እባካችሁ፣ ደም አይፍሰስ፣ ቁጣው ይብረድ አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ወረቀቴን እንደያዝሁ ተቀመጥሁ። ሁላችንም ተቀመጥን።

አንተ የጋሞ ልጅ ነህ፣ ለአንተ አላብራራም። ሳር የያዘ ሽማግሌ ተንበርክኮ ሳለ አፍ የሚከፍት ማን አለ? ጎሜ ነው፤ እርግማኑ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የተሳለ ጦር እንኳ ሳር ሲያይ ይመለሳል ተብለን ነው ያደግነው። ፈቃደም እዚያው ነው ያደገው። አንገታችንን ደፍተን ሳለ በቀስታ፣ ልክ ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው፣ «አባቶቻችን ሰላም ለምነውናል። እንግዲህ ደንቡን የሚቃወም አባል አለ?» አለ። የሃላቃ ኤርጫፎ ሽበት ከፊቴ ነበር። እጄን ባነሳ በእሳቸው ላይ ማንሳቴ ነው። አላነሳሁም። ማንም አላነሳም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል አለ፤ አጨበጨበም።

ዱቡሻ ላይ ሳር ሲያዝ የሚቆመው የሁሉም ነገር ነው። የከሳሽም የተከሳሽም አፍ ይዘጋል፤ ነገሩም ባለበት ያድራል። ሳር ጠብን ያቆማል እንጂ ለአንዱ ፈርዶ አያውቅም። ፈቃደ ግን የእኛን አፍ አዘግቶ የራሱን ነገር ቀጠለበት። አባቶቻችን ሰው እንዳይሞት ያቆዩልንን ነገር ደንብ ማጽደቂያ አደረገው።

ቤት ገብቼ ለሸዋንዳኝ ስነግረው ማንኪያውን አስቀመጠና «ለሳር ብለሽ? የናትሽን መሬት ለሳር ብለሽ?» አለኝ። ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ፣ እናንተ አገር ታቦት መንገድ ላይ ሲያልፍ ታቦቱ ፊት ቆመህ ክርክር ትቀጥላለህ ወይ አልኩት። ታዲያ ይሄ ሰው ታቦት አሰርቆ ነው ደንብ ያጸደቀው በይኛ አለ። ከዚያ ወዲህ የፈቃደን ስም ቤቱ ውስጥ አያነሳም።

ለእማዬ መንገሩ ከበደኝ። ሳልነግራት ሰዎች መጥተው ማሳው ውስጥ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተከሉ። እማዬ ምን አደረገች መሰለህ? ደንቡን ያስወሰነው ማን እንደሆነ ስላላወቀች አንድ ራስ ሙዝ አስቆርጣ፣ በዚያ ጉልበቷ ሰው ተደግፋ፣ ፈቃደ ቢሮ ሄደች። ልጄ፣ አንዳንድ ሰዎች መሬታችን ላይ እንጨት ተክለዋል፣ እባክህ አስቁምልኝ ልትለው። እሱም እማዬ፣ አንዴ የጸደቀ ነገር ነው፣ ከእጄ ወጥቷል አላት። ሙዙን ተቀብሎ በመኪና ቤቷ መለሳት። መኪናው ውስጥ ሹፌሩ፣ ኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ ለማጽናናት ብሎ፣ ደንቡን ያስወሰነው ራሱ አፈ ጉባኤው መሆኑን ነገራት፤ የሚያኮራት መስሎት ነበር ምስኪን። ስትገባ ሻሿን ፈታ ጭኗ ላይ አድርጋ እስኪመሽ ተቀመጠች። ከዚያ አንተ ስትደውል ፈቃደ እየታገለልን ነው አለችህ።

በማግስቱ ፈቃደ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ፅዮን በር ከፍታ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ፤ የምታደርገው ጠፍቷት ወንበር በወንበር ላይ ታቀርብልኛለች። ልጮህበት ነበር የሄድኩት፤ ሳየው ጩኸቴ ጠፋ። ለምን አልኩት። ብዙ ነገር ነገረኝ። ከላይ ተይዟል አለ፤ እኔ ባላደርገው ሌላ ሰው አስቀምጠው ያደርጉታል አለ፤ ባለሀብቱ ለፍራፍሬው ማቀዝቀዣ ያቆማል፣ ወጣቶች ሥራ ያገኛሉ፣ ለእማዬም ምትክ ቦታ አስቤአለሁ አለ። አንዳንዱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ሁሉን አላውቅም። ታዲያ ይህን ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ለምን አልተናገርክም፣ ይዘነው ሄደን ሰው እንጠይቅ ነበር፣ ምናልባት እንስማማ ነበር አልኩት። ብትጠይቁማ አይጸድቅም ነበራ አለ፤ አፉ አምልጦት። ፅዮን ወደ ጓዳ ገባች።

ሽማግሌዎቹንስ ምን ብለህ ነው ያመጣሃቸው አልኩት። ሲቸግረው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «ማን ድምፅ ከለከለሽ እትዬ? ዝም ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እጅሽን የያዘው የለም።»

ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ሲባል እሰማ ነበር፤ ጥርሱ እዚህ ድረስ እንደሚጠልቅ ግን አላውቅም ነበር። እጄን የያዘው ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? አባዬ ሲሞት ሳሩን ከሽማግሌዎች ተቀብሎ መቃብሩ ላይ ያኖረው ያ የእኛ ትንሽ ልጅ እሱ አልነበረም ወይ? የማያውቅ ሰው ቢያደርገው አላዋቂ ብዬ እተወው ነበር። እኔ አምኜው፣ እሱ ቀምሮና ለክቶ የማምንበትን ነገር ራሱን አንገቴ ላይ አጠለቀው። ወጥቼ ሄድኩ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ይሉታል እንዲህ ያለውን፤ ሕዝቡ ዛሬም አፈ ጉባኤያችን እያለ ያጨበጭብለታል።

ሴቻ ዞኑ ቢሮም ወጥቼ ነበር፤ አቤት ልበል ብዬ። አንድ ትሑት ሰው አስተናገዱኝ። ቃለ ጉባኤውን አይተው፣ እትዬ አስቴር፣ እዚህ ላይ በሙሉ ድምፅ ነው የሚለው፣ እርስዎም አሉበት አሉኝ። ስለ ሳሩ ምን ብዬ ላስረዳ? እርጥብ ሳር አፌን ዘጋው ብዬ ማመልከቻ ልጻፍ? ሚኒባስ ላይ ተሳፍሬ ቁልቁለቱን ስወርድ ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግሁ።

ጳጉሜን ገብቶ ሃላቃ ኤርጫፎ ቤቴ መጡ። ግቡ ስላቸው አልገባም አሉ፤ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የከተማው መኪና ቤታቸው ድረስ መጥቶ፣ የምክር ቤቱ ሰዎች ሊጋደሉ ነው፣ ድረሱልን ተብለው ነው የተወሰዱት። ያውም ጩኸቱ ሳይጀመር በፊት፣ ገና ማለዳ ነበር መኪናው የደረሰው። ውጭ ተቀምጠው እስኪጠሩ ጠበቁ። ደንብ ስለ መኖሩም፣ ስለ መሬትም የነገራቸው የለም። ወሬው የደረሳቸው ችካሉ ከተተከለ በኋላ ነው። የአባትሽን መሬት ተንበርክኬ አስወሰድኩት አሉኝ። እርስዎ ምን አደረጉ፣ ሰላም ለመኑ እንጂ አልኳቸው፤ አልተጽናኑም። ከእንግዲህ በማንም ጥሪ ሳር አልይዝም፣ መጀመሪያ ነገሩን ሰምቼ አድሬበት ካልሆነ አሉ። ይህ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ ጋሽዬ። ነገ እውነተኛ ጠብ ቢነሳ፣ ወጣቶች ድንጋይ ቢይዙ፣ ሃላቃ እስኪያጣሩ ማን ይጠብቃል? ሌላው ሽማግሌ ቢንበረከክስ ማን ነው ማን ልኮህ መጣህ ብሎ የማይጠይቀው?

አሁን ደግሞ መስቀል ደረሰ። እንደምታውቀው በእኛ ዘንድ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ መስቀልን አይበላም። ፈቃደ ከእኔ ጋር ካልታረቀ እማዬ ቤት ሊገባ አይችልም፤ ሰውም ያየዋል፤ ለአፈ ጉባኤ ደግሞ ጥሩ አይደለም። እናም ሽማግሌ ልኮብኛል። ሃላቃ ኤርጫፎ እምቢ ስላሉት ሌሎች ፈልጎ አግኝቷል። በዋዜማው ሳር ይዘው ይመጣሉ። በአስቸኳይ ይቅር በይኝ ነው ነገሩ! ልቤ እንዴት እንደሆነ አትጠይቀኝ። ሸዋንዳኝ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ወደ ጫሞ ዓሣ ልንበላ ሄድን ብለን እንጥፋ ይለኛል። እኔ ግን አልጠፋም። ሳር እንቢ ብዬ የልጄን ዕድል አላበላሽም፤ ደግሞስ ለምን እኔ እጠፋለሁ?

ሃላቃ ኤርጫፎን አማከርኳቸው። ሳሩን ተቀበይ አሉኝ፤ ሳሩ ምንም አላደረገሽም። ሲቀበሉት የሚቆመው ጠቡ ነው፤ ነገሩ ግን ሁሉም እስኪሰማው ማደሩ ወጉ ነው አሉኝ። እኔም ወሰንኩ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቆሜ እቀበላቸዋለሁ። ሳሩን በሁለት እጄ እቀበላለሁ። ፈቃደን አልሰድበውም፣ አላለቅስበትምም። ከዚያ እንዲህ እላለሁ፤ ይህ ነገር ለእኔ የቀረበው ዛሬ ነው፤ ወንድሜ ራሱ ባረቀቀው ደንብ ደግሞ በቀረበበት ቀን የሚጸድቅ ነገር የለም፤ ጎርፍም እሳትም አልተነሳም፤ ይደር። ችካሉ ከእማዬ ማሳ ይነቀል፣ ነገሩ የነካቸው የጫኖ ሰዎች ሁሉ በዱቡሻ ይጠየቁ፣ ከዚያ ይቅርታዬንም እንነጋገርበታለን። እስከዚያው መስቀል ይመጣል፣ መስቀል ይሄዳል፤ የእማዬ ደጅ ላይ የእሱ ቦታ ባዶ ይሆናል። ይህን የምጽፈው ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ወንድሜ ነውና።

አንተን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። መሬቱ በአባዬ ስም ስለሆነ ምትኩን ለመቀበል የልጆቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። የታላቁ ቃል ደግሞ ያንተ ነው። ፈቃደ ይደውልልሃል። ድምፁ ጣፋጭ ነው፤ ታውቀዋለህ። ጋሽዬ አስቸኳይ ነው፣ ዛሬውኑ እሺ በለኝ ይልሃል። አትቆጣው፣ አትስደበው። ይደር በለው፣ ሌላ አትጨምርበት። ለእማዬም ይህን እንደነገርሁህ አታስታውቃት፤ እስከምትችለው ድረስ ልጇን ትሸፍን፤ ያን እንኳ አንንጠቃት።

በል እንግዲህ ወንድሜ፣ ለመስቀል አብረን ባንሆንም ልባችን አንተ ዘንድ ነው፤ ዮ ማስቃላ ብዬሃለሁ! እማዬ በጣም ናፍቄሃለሁ፣ አጥንቴ ሳይበርድ ና ትልሃለች። ሸዋንዳኝ ሰላም ይልሃል፤ ስትመጣ የጁባ ሸሚዝ አምጣልኝ ይላል፣ ቀዩን አይደለም ብሏል። እሌኒ አጎቴ ፎቶህን ላክ፣ ፂም አወጣህ አሉ እያለች ነው። ሃላቃ ኤርጫፎ ባሉበት ሆነው ይመርቁሃል። የፈቃደ ሚስት ፅዮን ትናንት በአጥር በኩል መጥታ እጄን ይዛ አለቀሰችና፣ ጋሽ ክንፉን ሰላም በይልኝ አለችኝ፤ እሷ በደል የለባትም። እስካሁን በጻፍሁልህ ደብዳቤ ሁሉ ከሰላምታው መጀመሪያ የማደርገው የፈቃደን ነበር፤ ከእሱ ሳልጠይቅም ራሴ እጽፍለት ነበር። ዛሬ አልጻፍሁም። የሚልህ ካለው ራሱ ይበልህ።

እህትህ አስቴር

ዶይሳ፣ ከአርባ ምንጭ አለፍ ብሎ
መስከረም 9 ቀን 2003 ዓ.ም.